ቀድማ የደረሰች ለቀስተኛ

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳለ ራሞን ከስፔን ደወለልኝ። ድምፁን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ አልጀመረም። በአማርኛ «ኢነስ አረፈች» አለኝ። ቃሉን ከእኛው ለቅሶ ቤት ይዞት የሄደ ነው። መታመሟን አውቅ ነበር፤ እንዲህ መፍጠኑን ግን አላሰብኩም።  ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናብ ሊጥል ደመናው ከብዶ ነበር። ቀብሯ ላይ ብዙ ሰው ነበረ ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አልጠየቅኩትም። በመጨረሻ «ለእማማ አንጓች አንቺ ንገሪልኝ» አለኝና ስልኩ ተዘጋ።

ኢነስን ያወቅኳት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ ከሮብ ገበያ ሽቅብ በእግር በሚኬድበት አንድ ቀበሌ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ነው። እማማ አንጓች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እማማ አንጓች ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸው ሾፌር ሆኖ ባሕር ዳር የሚኖር፣ ግቢያቸውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። በግቢው ማዶ ባለው የቆርቆሮ ቤት ሁለት ስፔናውያን፣ ባልና ሚስት፣ ከእኔ ትንሽ ቀደም ብለው ገብተው ነበር። ራሞን የድንች ዘርና የአፕል ችግኝ ባለሙያ ነው። ለአንድ ፕሮጀክት መጥቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም እዚያው ልቅር ያለ ሰው። ኢነስ ግን ሥራ የላትም፤ ልትኖር ብቻ ነው የመጣችው። መንደሩን ግራ ያጋባው ይኸው ነበር። ፈረንጅ ሲመጣ ወይ መሬት ይለካል፣ ወይ ያስተምራል፣ ወይ ፎቶ ያነሳል። ይቺ ልብስ ታጥባለች፣ ድንች ትኮተኩታለች፣ ሮብ ሮብ ገበያ ወርዳ ሽንኩርት ስትመርጥ ትውላለች።

ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ እጇ የገበሬ እጅ የሆነ ሴት ነበረች። ሰው ሲያናግራት ካልገባት እንደ ሌሎች እንግዶች ፈገግ ብላ አታልፍም። መዳፏን በተናጋሪው ክንድ ላይ ታሳርፍና «ይጠብቁ» ትላለች። ከዚያ የተባለውን ለራሷ ደግማ ታሰላስለዋለች። እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ስለሆንኩ ይህን ልማዷን ወደድኩት። ከእሷ ጋር ዝም ማለት አያሳፍርም ነበር።

አማርኛ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። ሰው እንዳታስቀይም ብዬ አስቀድሜ ያስተማርኳት እርስዎ ማለትን ብቻ ነበር። እሷም ያንኑ ይዛ ቀረች። ሕፃኑን እርስዎ፣ የደብሩን መሪጌታ ላቀውን እርስዎ፣ የእማማ አንጓችን ውሻ እርስዎ። አንድ ቀን በጎቹ ጎመን ውስጥ ገብተውባት «ይውጡ! እባክዎ ይውጡ!» እያለች ስታባርር እማማ አንጓች ከበራቸው ቆመው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

«መቅደስ፣ ነይ ስሚ» አሉኝ። «በጎቼ ዛሬ ወይዘሮ ሆኑልሽ።»

መጀመሪያ ያስቸገራት «ወዴት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ይጠይቋታል፣ ስትመለስ ይጠይቋታል፣ አጥር ጥግ ስትቆምም ይጠይቋታል። አንድ ምሽት መጥታ በእንግሊዝኛ «እነዚህ ሰዎች ይጠረጥሩኛል?» አለችኝ። ሰላምታ መሆኑን፣ እውነተኛ መልስ የሚፈልግ እንደሌለ ነገርኳት። አሰበችበት። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን ለጠየቃት ሁሉ ሙሉ መልስ ትሰጥ ጀመር፤ ወደ ወንዝ እንደምትወርድ፣ ብርድ ልብስ እንደምታጥብ፣ ሲደርቅ እንደምትመለስ፣ ራሞን እግሩን እንዳመመው። ቆይታ ደግሞ ራሷ ጠያቂ ሆነች። ከወረዳ የመጣ መኪና በጭቃ ሲንገታገት ጠጋ ብላ በመስኮቱ «ወዴት ነዎት?» ብላ ሹፌሩን ግራ አጋብታዋለች።

የበጉ ወተት ነገር እስከ ዛሬ ይነሳል። ኢነስ ያደገችው በጎች በሚረቡበት ተራራማ መንደር ነው፤ እነሱ ዘንድ የበግ ወተት አይብ ይሠራበታል። አንድ ጠዋት ራሞን በግ ይዞላት ስታልብ ጎረቤታችን ይመኙሻል አየቻት። ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ሴቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተሰለፈ።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለቻት ይመኙሻል።

«ይበላል» አለች ኢነስ።

«የበግ ወተት? ነገ ደግሞ ዶሮዋን ታልቢልናለሽ።»

ኢነስ አልተቆጣችም። አይቡን በጨርቅ ጠፍራ፣ ድንጋይ ጭና፣ ጨው ነስንሳ አስቀመጠችው። ፋሲካ ሲደርስ በሳህን ቆራርጣ ለጎረቤት አዞረች። ማንም አልነካውም። የመሪጌታ ላቀው ሚስት ኃጢአት እንደሆነ ባሏን ጠየቀች፤ እሱም «መጽሐፍ አይከለክልም፤ ሆድ ነው የሚከለክል» ብሎ ሳህኑን አሳለፈ። የቀመሱት እማማ አንጓች ብቻ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ኮሶ ዋጡትና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለጉንፋን ይሆናል» አሉ። ኢነስ ይህን ከምስጋና ቆጥራው ጉንፋን የያዘው ሰው በሰማች ቁጥር አይብ ይዛ መሄድ ጀመረች።

ለምን እዚህ መኖር እንደፈለገች የነገረችኝ ድንች ስናወጣ ነው። መንደራቸው እያለቀ ነው። ወጣቱ ከተማ ገብቶ ቀርቷል፤ ቤቱ አለ፣ በሩ አለ፣ ከበሩ የሚወጣ ሰው የለም። «እናቴ ስትሞት ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ከሌላ መንደር ለመንን» አለችኝ። «ቄሱ ሌላ ቀብር ስለነበረበት ቸኩሎ ነበር። ማንም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም። እኔም አፈርኩና አላለቀስኩም።» እዚያው ቁፋሮዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ «እዚህ ሰው ሲሞት ሰው አለው» አለች።

ለዚህ ነው ኢነስ ለቅሶ የማታጓድለው። የማታውቀው ሰው ቢሆንም፣ ቀብሩ ሁለት ተራራ ማዶ ቢሆንም ትሄዳለች። ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስን፣ ድንኳን ሲገባ የት እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚነሱ ሁሉን አጠናች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለትን እንደ ዳዊት ስትደጋግም ከክፍሌ እሰማት ነበር። ሴቶቹም ልባቸው ወደ እሷ ማዘንበል የጀመረው በአይቧ ሳይሆን በዚህ ነው። «ፈረንጇ ለቅሶ ታውቃለች» ይሉ ነበር። በእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ብዙ የለም። እማማ አንጓች እንኳ እንግዳ ሲመጣባቸው «ይቺ የእኔ ናት» እያሉ ማስተዋወቅ ጀምረው ነበር። ኢነስ ያን ቃል ተርጉሜ ስነግራት ደጋግማ አስባለችኝ። የምትፈልገው እሱን ነበር፤ የአንድ ሰው መሆን፣ ስትሞት የሚቆምላት ጎረቤት።

ሁሉንም ያበላሸው ያ ሮብ ነው።

የእማማ አንጓች ልጅ ጌትነት ማክሰኞ ማታ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ወሬው የደረሰው ለአጎቱ፣ ለእማማ አንጓች ወንድም ለጋሼ ታደሰ ነው። እሳቸውም አገር እንደሚያደርገው አደረጉ። በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት በስልክ አትሰማም፤ ብቻዋን ሆናም አትሰማም። ዘመድ ይመክራል፣ የእድሩ ድንኳን ተደብቆ ይዘጋጃል፣ አስከሬኑ እስኪቃረብ ይጠበቃል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኩና ያረዷታል። ሰው ሁሉ ከኋላቸው የሚቆመው ስትወድቅ ሊደግፋት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጁ ለእናቱ በሕይወት አለ። መርዶው ለሐሙስ ጎህ ተቀጠረ። ሮብን ሙሉ መንደሩ ለእማማ አንጓች ፈገግ እያለ ዋለ።

ለኢነስ ይህን የነገራት የለም። ማንም አላሰበውም፤ እኛ ስንወለድ ያገኘነውን ነገር ለሰው መንገር እንዳለብን አይታወቀንም። ከገበያ ስትመለስ በይመኙሻል ግቢ ውስጥ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሲያለቅሱ አየች። «ማን ነው?» አለች። «ጌትነት» አለቻት ይመኙሻል፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። ኢነስ ጣቱን እንደ ሐዘን አየችው። ጌትነትን ታውቀዋለች፤ እረፍት ሲወጣ የቤቷን ጣሪያ የጠገነላት ልጅ ነው። ወደ ቤቷ ሮጣ ጥቁር ሻሿን አሰረች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከሰው ሁሉ ቀድማ ለመድረስ ቸኮለች።

እኔ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ነበር። ነገሩን ጋሼ ታደሰ መንገድ ላይ ነግረውኝ፣ ፊቴን እንዴት አድርጌ ግቢ እንደምገባ እያሰብኩ ነው አጥሩ በር ላይ የደረስኩት። እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ። ኢነስ ከፊታቸው ተንበርክካለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ» ስትል ሰማሁ። «ጌትነት ጥሩ ልጅ ነበር።»

እማማ አንጓች ሰፌዱን እንደያዙ ቀሩ። «ምን አልሽ?»

ኢነስ መዳፏን ክንዳቸው ላይ አሳረፈች። አማርኛዋ የከዳት መሰላት። ስለዚህ ቀስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ከፊተኛው በጠራ አማርኛ ደገመችው።

እማማ አንጓች ከእሷ አሻግረው እኔን አዩኝ። ፊቴን ላስተካክል አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት መግለጽ አልችልም። ሰው ከየአቅጣጫው ሮጠ። ጋሼ ታደሰ እህታቸውን ደግፈው ይዘው፣ ዘወር ብለው ኢነስን «ምን አጣደፈሽ? ሞት እንኳ አንድ ቀን ታግሶን ነበር» አሏት። እሷ አልገባትም። ማንም አልጎዳትም፣ ማንም አልሰደባትም፤ ቀስ እያሉ ብቻ ከመሐል ገፍተው አወጧት።

አጥሩ ጥግ ይዣት ሁሉንም አስረዳኋት። መዳፏን ክንዴ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ሁሉም ያውቁ ነበር?»

«ሁሉም።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ነገ ጠዋት ሊነግሯቸው ነበር።»

«እናቴ የሞተች ዕለት ጎረቤቶቼ እንዲህ ቢያደርጉኝ ኖሮ ዳግመኛ አላናግራቸውም ነበር» አለች። ከዚያ መዳፏን ከክንዴ አንስታ፣ «ግን ያለሁት እናንተ ቤት ነው» አለች።

በማግሥቱ ቀብሩ ላይ ነበረች። ድንኳን ውስጥ ስትቀመጥ ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች በቀስታ ፈቀቅ አሉላት፤ ሰፊ ቦታ ነው የተውላት። ከዚያ በኋላ ኢነስን መንገድ ላይ «ወዴት ነሽ?» የሚላት ጠፋ። ሰላም ይሏታል፤ ያ ግን ሌላ ነው። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሴቶቹ አጠገብ ስትደርስ እርምጃዋን ታዘገይ ነበር፣ ምናልባት የሚጠይቃት ቢኖር። እኔ ከክፍሌ መስኮት አያታለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመኙሻልን ላናግር ሞከርኩ። «እኔ ምን አደረግኋት? ክፉ አልወጣኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክፉ ማንም አልወጣውም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ራሞን አገሯ ሄዳ ትንሽ ትረፍ ብሎ ወሰነ። ለጊዜው ነው አሉ። የሄዱ ዕለት ኢነስ የእማማ አንጓች ደጅ ላይ ቆማ «እማማ፣ መሄዴ ነው» አለች። በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ «በደህና ግቢ» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ኢነስ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ በሩን ሳመችና ወደ መኪናው ሄደች።

እማማ አንጓች የልባቸውን የነገሩኝ ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ልጠይቃቸው ወጥቼ ነበር። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ያን ሮብ ጠዋት ታደሰ መጣ» አሉ። «ተቀምጦ ስለ በሬው አጫወተኝ፤ ስቆልኛል። ይመኙሻል ወንፊት ልትዋስ መጣች። የላቀው ሚስት ጤናዬን ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ጌትነት ለበዓል ሲመጣ ስለማርድለት በግ ሳወራላቸው ዋልኩ። እያወቁ አስወሩኝ። ለእኔ ብለው ነው፤ ወግ ነው፤ እኔም ስንቱን እንዲህ አርድቻለሁ። ግን ያን ቀን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ውስጧ ያለውን ፊቷ ላይ ይዛ የገባችው ያቺ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«ተናድጄ ነበር። ጊዜ ይፈልጋል። ስትመጣ እነግራታለሁ።»

ስልኬን አውጥቼ አሁኑኑ ልደውልልዎት አልኳቸው። እጄን መለሱት። «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። በሬን ዘግቼባት ነው የሄደችው፤ በሬን ከፍቼ ነው የምነግራት። አንቺም እንዳትነግሪያት። ቃሉ የእኔ ነው።»

ኢነስ በደወለች ቁጥር «እማማ ደህና ናቸው?» ትላለች። ደህና ናቸው እላለሁ። «ስሜን ያነሳሉ?» ትላለች። ያነሳሉ እላለሁ። ልትመጣ ትኬት ቆርጣ ነበር፤ ያን ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት እሷ ታመመች።

ሐሙስ ዕለት ከራሞን ጋር እንደተለያየን ለመሪጌታ ላቀው ደወልኩ። የእማማ አንጓች የነፍስ አባት ባይሆንም በመንደሩ መርዶ ያለ እሱ አይነገርም።

«መርዶ አለኝ፣ መሪጌታ» አልኩት። «ለእማማ አንጓች ነው።»

«ምን ቀራቸውና? ማን ሞተባቸው?»

«ኢነስ።»

ለትንሽ ጊዜ ሳል ብቻ ሰማሁ። «ለባዕድ መርዶ ሲነገር አላየሁም» አለ። ከዚያም ቀጠለ፤ «ይሁን፤ የእኔ ናት ይሏት ነበር። ነገ ውጪና እኛ ዘንድ እደሪ። ሰው እሰበስባለሁ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ደጃቸውን እንዳትረግጪ። አንቺ ፊትሽ አይችልም።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

አርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሮብ ገበያ ወረድኩና ዳገቱን ያዝኩ። ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ መሪጌታ ቤት፣ ቀኙ ወደ እማማ አንጓች። ወደ ግራ ጥቂት ሄድኩ። መሪጌታ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል ማለት ነው፤ ይመኙሻልም ጋሼ ታደሰም እስካሁን ሰምተዋል። ዛሬ ደግሞ አንዱ ገብቶ ስለ በሬው ያጫውታቸዋል። ተመልሼ ቀኙን ያዝኩ።

እማማ አንጓች ሰሌን ላይ ገብስ ያሰጣሉ። «መቅደስ? በሥራ ቀን?» አሉ ቀና ብለው።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ማን ነው?»

«ኢነስ ናት። ትናንት ራሞን ደወለ። አርፋለች።»

አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ገብሱን በመዳፋቸው ማስተካከል ቀጠሉ፤ የተስተካከለውን መልሰው አስተካከሉት።

«ታማ ነበር?»

«ታማ ነበር።»

«ትጠይቀኝ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ያልኩሽን አልነገርሻትም?»

«ከልክለውኝ ነበር፣ እማማ።»

«ከልክዬሽ ነበር» አሉ። ቀና ብለው ከኋላዬ መንገዱን አዩ። «ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። መሪጌታ ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዞ ሊመጣ ነበር።»

 «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ያ ቃል የእኔ አልነበረም፤ ስንት ጊዜ ተጠብቆ ለማን እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

እጃቸውን ከገብሱ አራገፉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ መቀነታቸውን አጠበቁ፤ አጥሩ በር ላይ ወጥተው ጮሁ። ቀድማ የደረሰችው ይመኙሻል ናት፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ። ፊቷን አይቼ ነገሩን እንደሰማች አወቅሁ፤ ቢሆንም ጠየቀች፣ ወጉ ነውና።

«እማማ፣ ማን ሞተብዎ?»

«ልጄ» አሉ እማማ አንጓች።

እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና፣ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስሟን ልነግር ከጎናቸው ቆምኩ።